ለ«ፕሮሰስ» ከመክፈላችን በፊት

(በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. በተካሄደው የአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብና ብድር ክፍል የቀረበ ንግግር)



ስለ ቪዛ የሒሳብ ክፍል ምን አገባው ትሉ ይሆናል። የሚያገባን ጥያቄው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኛ ጠረጴዛ ስለሆነ ነው። በብድር መጠየቂያ ቅጻችን ላይ «የብድሩ ዓላማ» በሚለው ቦታ ቀድሞ «ለእንጀራ ንግድ»፣ «ለዶሮ እርባታ»፣ «ለልጅ ትምህርት» ይጻፍ ነበር። አሁን አሁን «ለፕሮሰስ» የሚለው እየበዛ መጥቷል። የምን ፕሮሰስ? ስንል «የቪዛ» ትሉናላችሁ። ለማን ነው የሚከፈለው? ስንል «ለሰውዬው»። ሰውዬው ደረሰኝ ይሰጣል ወይ? ስንል ዝም ይባላል። ያ ዝምታ ነው ዛሬ እዚህ ያቆመን።

እኛ የሕግ ባለሙያዎች አይደለንም። ሥራችን ገቢና ወጪ መመዝገብ ነው። ቢሆንም ኤምባሲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በይፋ የሚያወጡትን መመሪያ አንብበን በአማርኛ ማስረዳት እንችላለን። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግማችሁ ከጠየቃችሁን ውስጥ የተመረጡ ናቸው። መመሪያም ክፍያም ይለዋወጣልና ዛሬ የሰማችሁትን ነገ ከመክፈላችሁ በፊት ከራሱ ከኤምባሲው አረጋግጡ።

«ቪዛ ከተመታልኝ አለቀ አይደል?»

አላለቀም። ቪዛ በሩ ድረስ የመሄድ ፈቃድ ነው። በሩን የሚከፍተው፣ ስንት ጊዜ እንደምንቆይም የሚወስነው፣ እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የድንበር ሠራተኛ ነው። በአሜሪካ ለጎብኚ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው የስድስት ወር ቆይታ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቪዛ ግን ከዚያ የተለየ ጊዜ ሊያሳይ ይችላል። ብዙ እናቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ቪዛዬ ገና ጊዜ አለው» ብለው ይቀመጣሉ። የሚቆጠረው ግን ሲገቡ በመግቢያ መዝገባቸው ላይ የተጻፈላቸው የመውጫ ቀን ነው። ከዚያ ቀን አልፋ ከ180 ቀን በላይ ቆይታ የወጣች ሰው ለ3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየች ለ10 ዓመት እንዳትመለስ ልትከለከል ትችላለች። የልጅ ልጅ አይተን እንመለስ ብለን ሄደን፣ ሁለተኛውን የልጅ ልጅ ሳናይ አሥር ዓመት መቅረት ማለት ነው።

«ቪዛው ካልተሰጠኝ የከፈልኩት ይመለስልኛል?»

አይመለስም። የምንከፍለው ጉዳያችን እንዲታይልን እንጂ ለቪዛው ዋጋ አይደለም። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ነው። ወደ ብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ ከሰኔ 4 ቀን 2016 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ሆኗል።

ይህን ወደ ብር እንመልሰው። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በዚያ ሒሳብ 185 ዶላር 10,500 ብር ገደማ ይሆን ነበር። ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከ120 ብር በላይ ወጥቷል። ያው 185 ዶላር አሁን ከ22,000 ብር ይበልጣል። በኤምባሲው በኩል የተለወጠ ነገር የለም፤ በእኛ በኩል ግን እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ «ዝም ብዬ ዕድሌን ልሞክር» የሚባለው ነገር እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ሦስት ጊዜ የሞከረች እኅት የአንድ ትንሽ ንግድ መነሻ ከፍላለች ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ሕጋዊው ክፍያ ነው፤ ደረሰኝ አለው። ከዚህ በላይ «ውስጥ ሰው አለኝ» ብሎ የሚቀበል ሰው የሚወስደው ሌላ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ የሚቀመጠው ያ ሰው አይደለም፤ እኛው ነን። ቅጹን ሌላ ሰው ቢሞላልንም የሚያስጠይቀን የራሳችን ፊርማ ነው።

«ባንክ ውስጥ ስንት ብር ሊኖረኝ ይገባል?»

ይህ የእኛ የሒሳብ ሠራተኞች ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሰው።

የአሜሪካ ኤምባሲ «ይህን ያህል ብር ይኑርሽ» ብሎ የወሰነው መጠን የለም። የሸንገን አገሮች ለአንድ ቀን ቆይታ ይበቃል የሚሉትን መጠን እያንዳንዳቸው ያስታውቃሉ። ነገር ግን የባንክ ሒሳብ መግለጫ ማንበብ የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የመጨረሻውን ቁጥር ሳይሆን እንቅስቃሴውን ነው። ገንዘቡ ከየት መጣ? በየስንት ጊዜው ገባ? ወጪውስ ከገቢው ጋር ይመጣጠናል?

ሁለት ደብተር እናስቡ። አንደኛው የእንጀራ ጋጋሪ እኅታችን ነው፤ ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ሁለት ሺህም ሦስት ሺህም ገብቶበታል፤ ለጤፍ፣ ለመብራት፣ ለቤት ኪራይ ወጥቶበታል፤ የቀረው ትንሽ ነው። ሁለተኛው ለወራት ባዶ ቆይቶ ማመልከቻው ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ግማሽ ሚሊዮን ብር በአንድ ጊዜ የወደቀበት ነው። ለማናችሁም የመጀመሪያው ደብተር የሰው ሕይወት ያሳያል፤ ሁለተኛው ጥያቄ ያስነሣል። «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ተብላ የምትጠየቀው እኅት ደግሞ የራሷ ስላልሆነ መልስ የላትም።

ይህን የምንለው ገንዘብ ለማሳያ ብቻ የሚያከራዩ ሰዎች መኖራቸውን ስለምናውቅ ነው። ብሩ ሒሳብሽ ውስጥ ጥቂት ቀን ያድራል፣ መግለጫው ይወጣል፣ ብሩ ይመለሳል፣ ኪራዩ ግን ከኪስሽ ይቀራል። እንዲያውም ለዚህ ኪራይ ከእኛ ብድር የጠየቁ አሉ። ብድር ተበድሮ ብድር መከራየት ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ያለንን እውነት በወረቀት ማሳየት ይሻላል። ብዙዎቻችን ገንዘባችን ባንክ ውስጥ አይቀመጥም፤ ዕቁብ ውስጥ ነው፣ ሸቀጥ ውስጥ ነው፣ ቤት ማደስ ላይ ነው። ዕቁብ የደረሳት እኅት ብሩን በሰው እጅ ከማዞር ባንክ ብታስገባው፣ ከዕቁቡ ሰብሳቢም ቀኑንና መጠኑን የያዘ ጽሑፍ ብትቀበል፣ ያ ትልቅ ገቢ ምንጩ ታወቀ ማለት ነው። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ ከመሥሪያ ቤት የተሰጠ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የማኅበራችን የቁጠባ ደብተር፣ ሁሉም ይናገራሉ። የሚናገሩትም «ገንዘብ አለኝ» ብቻ አይደለም፤ «የምመለስበት አለኝ» የሚለውን ነው።

«ልጄ ወልዳ ጠርታኛለች። የጥሪ ደብዳቤ ከላከች ይበቃል?»

አራስ ለመጠየቅና የልጅ ልጅ ለማየት መሄድ ለጎብኚ ቪዛ ትክክለኛ ምክንያት ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። አንዳንድ ደላሎች «ልጄ ወለደች አትበዪ፣ ለስብሰባ ነው በዪ» ብለው እናቶችን ያስጠናሉ። ይህ በጣም አደገኛ ምክር ነው። ቪዛ ለማግኘት ሆን ብሎ በዋና ጉዳይ ላይ መዋሸት በአሜሪካ ሕግ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል።

የጥሪ ደብዳቤውን በተመለከተ፣ ለአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ደብዳቤም ሆነ የልጅ የገንዘብ ዋስትና ግዴታ አይደለም። የሚመዘነው የእናትየዋ የራሷ ሁኔታ ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214 (ለ) ማንኛውም ጎብኚ ለመቅረት እንደሚሄድ አድርጎ ይጀምራል፤ እንደማትቀር ማስረዳት ያለባት አመልካቿ ናት። ስለዚህ እናታችን ስለ ልጇ ደመወዝ ከምታጠና ይልቅ፣ እዚህ ማን እንዳላት፣ ምን ሥራ እንዳላት፣ ቤቷን ማን እየጠበቀ እንደሆነ፣ መቼ እንደምትመለስ በራሷ አንደበት ብትናገር ይሻላታል። በጎብኚ ቪዛ ሄዶ በደመወዝ መሥራት እንደማይፈቀድም ማወቅ አለባት።

አብሮ መኖር ከሆነ የተፈለገው፣ መንገዱ ሌላ ነው። ልጅ የአሜሪካ ዜግነት ካገኘችና 21 ዓመት ከሞላት ለወላጆቿ ማመልከት ትችላለች። ግሪን ካርድ ብቻ ካላት ለእናቷ ማመልከት አትችልም። ጊዜ ቢወስድም ቀጥተኛው መንገድ ይህ ነው። በጎብኚ ስም ገብቶ መቅረት ይህንኑ መንገድ ሊያበላሽ ይችላል።

«የአውሮፓ ቪዛ በ15 ቀን ያልቃል ሲባል ሰምተናል»

ጠቅላላው ደንብ 15 ቀን ነው። ለኢትዮጵያውያን ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ባሳለፈው ውሳኔ መደበኛው ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። ምክንያቱ በአውሮፓ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎች በመመለስ ላይ መንግሥታችን በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። በዚሁ ውሳኔ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አይሰጥም። ለሠርግ፣ ለሕክምና ወይም ለሥልጠና የተጠራች እኅት ማመልከቻዋን ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ትችላለች፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ቀርቦ ደላላውን «አፋጥንልኝ» ማለት ገንዘብ ማባከን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምንቆይበት አገር ነው፤ «እዚያ ይቀላል» ተብሎ ወደ ሌላ አገር ኤምባሲ መሄድ ራሱ ምክንያት ይሆናል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን ያስፈልጋል። ቆይታው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥም። ሌላም ብዙዎች የማያውቁት አለ፤ ኢትዮጵያውያን በሸንገን አገር አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የመሸጋገሪያ ቪዛ ይጠየቃሉ። የአሜሪካ ቪዛ የያዙን ጨምሮ ከዚህ ነጻ የሆኑ አሉ። ርካሽ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የት እንደሚያርፍ ጠይቁ።

«ዲቪ ለመሙላት ስንት ነው?»

እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ለመሙላት ምንም አይከፈልም ነበር። ለኢንተርኔት ካፌው የድካሙን መክፈል ሌላ ነገር ነው። የ2017 ዓ.ም. ምዝገባ በጥቅምት ወር ተዘግቷል፤ ምዝገባ ከተዘጋ በኋላ «ልሙላልሽ» የሚል ሁሉ ሐሰተኛ ነው። ውጤቱ ከሚያዝያ 25 ቀን 2017 ጀምሮ በራሱ በዲቪው ድረ ገጽ ላይ ታይቷል። በኢሜይል፣ በስልክ ወይም በደብዳቤ «ደርሶሻል፣ ገንዘብ ላኪ» የሚል መልእክት የሚልክ መንግሥት የለም።

ውጤት የሚታየው በማረጋገጫ ቁጥሩ ነው። ያንን ቁጥር የሞላላችሁ ሰው ብቻ ከያዘው ዕድላችሁን የያዘው እሱ ነው። ዕጣው ሲወጣ «ቁጥሩን እንድሰጥሽ ይህን ያህል ክፈዪ» ወይም «ይህን ሰው አግብተሽ ይዘሽው ሂጂ» የሚለው ነገር የሚጀመረው ከዚህ ነው። የሐሰት ጋብቻ ከታወቀ ሁለቱንም ያስቀራል፤ ለወደፊቱም በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ቁጥሩን በዚያው ቀን ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ።

ሌሎች ሦስት ነገሮች አስታውሱ። ያገባች ሴት ባሏን፣ እናት ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆቿን ሁሉ፣ አብረዋት ባይሄዱም እንኳ ማስመዝገብ አለባት፤ የተደበቀ ልጅ ዕጣውን ያጠፋል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከሞላ ይሰረዛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያልጨረሰች፣ ደግሞም ቢያንስ የሁለት ዓመት ሥልጠና ወይም ልምድ በሚጠይቅ ሙያ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ዓመት ያልሠራች፣ ዕጣው ቢወጣላትም ቪዛው አይሰጣትም። ዕጣ የወጣለት ሁሉም አይሄድም፤ ከቪዛው ብዛት በላይ ሰው ይመረጣልና። ለቃለ መጠይቅ የቀረበ ደግሞ በነፍስ ወከፍ 330 ዶላር ይከፍላል። ይህን ሳያውቁ ዕጣው ሲወጣ ሱቃቸውን ለመሸጥ የሚጣደፉ አሉ።

«ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የሚከፈለው የማነው?»

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያሳስበናል፤ የልጆቻችን ጉዳይ ነውና። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪውን ለሁለት ከፍሎታል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ዋስትና ወጪ የአሠሪው ነው። የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫና የመሳሰሉት ወጪዎች የሠራተኛዋ ናቸው። እንግዲህ «ለቪዛና ለትኬት» ብሎ ከልጃችሁ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የአሠሪውን ዕዳ በእናንተ ላይ እያስከፈለ ነው። ዕድሜዋ ደግሞ 18 ዓመት መሙላት አለበት፤ ዕድሜ ጨምሮ ፓስፖርት ማውጣት ልጅቷን ከሕግ ጥበቃ ማስወጣት ነው።

ከዚህ የባሰው በጉብኝት ቪዛ ልኮ «እዚያ ስትደርሺ ይቀየራል» የሚባለው ነው። በጉብኝት ቪዛ የሚሠራ ሰው ያለ ፈቃድ እንደሚሠራ ይቆጠራል። ደመወዝ ቢከለከልባት የምታሳየው ውል የላትም፤ ለፖሊስ ብታመለክት የምትጠየቀው መጀመሪያ እሷ ናት። በሕጋዊ መንገድ የምትሄድ ልጅ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል፣ አገራችን የሥራ ስምሪት ስምምነት ወዳላት አገር፣ በመንግሥት በጸደቀ ውል ትሄዳለች። የኤጀንሲውን ፈቃድ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ማጣራት ይቻላል። የውሉ፣ የፓስፖርቱና የቪዛው ቅጂ ከመሄዷ በፊት በእናቷ እጅ ይቅር። አንድ ችግር ቢመጣ አቤቱታ የሚጀመረው በእነዚህ ወረቀቶች ነው።

«ስሜና የልደት ቀኔ በየወረቀቱ ይለያያል። ችግር አለው?»

አለው፤ ግን የሚስተካከል ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የውጭ ቅጾች ግን ይጠይቃሉ። ፓስፖርታችሁ ላይ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ፣ ፊደል በፊደል እንደዚያው ሙሉት። ባልና ሚስት የተለያየ ስም መያዛቸው በአገራችን ያለ ልማድ ስለሆነ ማስረጃው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው፤ የባልን ስም መውሰድ አያስፈልግም።

ቀኑን በተመለከተ፣ ጥር ማለት ጃንዋሪ ነው ብሎ እንደ ወረደ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ጥር 10 ቀን 1985 የተወለደች ሴት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 18 ቀን 1993 ነው የተወለደችው። በአንዱ ወረቀት 10፣ በሌላው 18 ከሆነ ሁለት ሰው ትመስላለች። ከማመልከታችሁ በፊት የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃችሁን አንድ ላይ ዘርግታችሁ አስተያዩ። የተለያየ ካለ ወረቀቱን የሰጠው መሥሪያ ቤት እንዲያስተካክል ጠይቁ። በራስ እጅ መሰረዝና መደለዝ ግን አይገባም።

«ተከልክያለሁ። አሁን ምን ላድርግ?»

በመጀመሪያ የተሰጣችሁን ወረቀት አትጣሉ። የሸንገን አገሮች ሲከለክሉ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠትና ይግባኝ የሚባልበትን መንገድ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው፤ የይግባኙ ቀን ሳያልፍ ማንበብ ያስፈልጋል። የአሜሪካው በ214 (ለ) ከሆነ ይግባኝ የለውም፤ እንደገና ከፍሎ ማመልከት ግን ይቻላል። ሆኖም በሕይወታችሁ ምንም ሳይለወጥ፣ ያንኑ ቅጽ ይዞ በወሩ መመለስ ያንኑ መልስ ለመስማት መክፈል ነው። ቀድሞ መከልከሉን በአዲሱ ቅጽ ላይ መደበቅ ደግሞ ክልከላውን ወደ ውሸት ይለውጠዋል።

ከአባላት የምንጠይቀው ውሳኔ

ተዘዋዋሪ የብድር ገንዘባችን ከየወሩ ቁጠባችሁና ከደጋፊዎቻችን የተሰበሰበ ነው። አንዷ ሳትመልስ ስትቀር የምትጠብቀው ሌላዋ እኅት ተራዋ ይዘገያል። ጉዞ ፈልጋ የምትመጣን እኅት መመለስ አንፈልግም፤ መንገድ የማንም መብት ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለጉዞ የሚሰጥ ብድር ይኑር፤ ነገር ግን ደረሰኝ ለሚሰጥ ሕጋዊ ክፍያ ብቻ ይሁን። ለደላላ፣ ለ«ውስጥ ሰው» እና ባንክ ውስጥ ለማሳያ ለሚቀመጥ ገንዘብ አንሰጥም።

ሁለተኛ፣ ለአባል የምንጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ መዝገባችን የሚያውቀውን ብቻ ይያዝ፦ መቼ አባል እንደሆነች፣ ስንት እንደቆጠበች፣ ስንት ዕዳ እንዳለባት። ከዚህ ላይ አንዲት ብር የማንጨምረው ክፋት ይዞን አይደለም። አንድ ጊዜ የሐሰት ደብዳቤ የጻፈ ማኅበር ከዚያ በኋላ የሚጽፈው እውነት ለማንም አባል አይጠቅምም።

ሦስተኛ፣ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በቢሮአችን ቅጽና ውል የማንበብ አገልግሎት እንጀምር። እንግሊዝኛ የሚያነቡ ወጣት አባላት ያንብቡ፤ እኛ ሒሳቡን እንይ። ክፍያ አይኖረውም። ሕግ የሚያውቅ ሰው ሊያግዘን የሚችል ደጋፊ ካለ በደስታ እንቀበላለን።

ቅጽ የያዛችሁ ከመፈረማችሁ በፊት፣ ገንዘብ የያዛችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ኑ። ስትመጡም ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ኑ፤ ለማን ነው የምከፍለው? ለምን ነው የምከፍለው? ደረሰኙስ የታለ? የሦስቱ መልስ በእጃችሁ ከገባ ቀሪውን አብረን እናነበዋለን።

አሁን ወደ ጥያቄና ወደ ድምፅ መስጠቱ እንለፍ።